በክሮምቡክ ላይ ፒዲኤፍ መፈረም፦ አንድ ጥያቄና አሥራ ስምንት ምላሾች

ጥያቄው የቀረበው በአንድ የኢንተርኔት መወያያ ላይ ነው፤ ጥያቄውንና የተከተሉትን ምላሾች አንድ ላይ ክር እላቸዋለሁ። ጠያቂው አሜሪካ ይኖራል። ያለው ኮምፒውተር 4 ጂቢ ራምና 64 ጂቢ ማከማቻ ያላት ቀላል ክሮምቡክ ናት፤ በዊንዶውስ ፈንታ የጎግሉ ክሮም ኦኤስ የሚሠራባት ላፕቶፕ ማለት ነው። በአንድ ሳምንት ውስጥ ሦስት ሰነድ ፈርመህ መልስ ተብሏል፦ የቤት ኪራይ ውል፣ ለዘመድ የሚሞላ የኢሚግሬሽን ቅጽ፣ እና አውሮፓ ካለ ድርጅት የመጣ የሥራ ስምምነት። ስምምነቱ ላይ ፊርማው ዲጂታል ይሁን የሚል ማሳሰቢያ አለ፤ በኢሜይሉ ላይም የመፈረሚያ ቁልፍ የያዘ፣ መጨረሻው ፒ12 የሆነ ፋይል ከነፓስወርዱ ተያይዟል። ሰውየው እንዴት ልፈርም ብሎ ጠይቆ ቢያቆም ኖሮ ክሩ በአምስት ምላሽ ያልቅ ነበር። እሱ ግን አቋምም ጨመረበት፤ ክሮም ብሮውዘር ካለ ሁሉም እዚያው ያልቃል፣ ለፊርማ ሲባል ዊንዶውስ ላፕቶፕ መግዛት ገንዘብ መበተን ነው አለ። ምላሾቹን በተራ ቁጥራቸው አስቀምጣለሁ።

ምላሽ 1። በሰላምታ ይጀምርና በቀጥታ ወደ አሠራሩ ይገባል። ክሮምቡክ ላይ አብሮ የሚመጣው ጋለሪ የተባለ አፕ ፒዲኤፍ ስለሚያስፈርም ሌላ ነገር መጫን አያስፈልግም ይላል። ፋይልስ ውስጥ ሰነዱን በሁለት ጣት ነክቶ ኦፕን ዊዝ ከሚለው ዝርዝር ጋለሪን መምረጥ፣ ከላይ ካሉት ምልክቶች የፊርማውን መጫን፣ በሚመጣው ባዶ ሣጥን ውስጥ መፈረም፣ ከዚያ ፊርማውን ጎትቶ መስመሩ ላይ ማሳረፍና ማዕዘኑን ይዞ ማሳነስ ነው። አንዴ የተሣለው ፊርማ ተቀምጦ ይቆያል፤ ለሚቀጥለው ሰነድ እንደገና መሣል የለም። ምልክቱ ካልታየ ማሽኑ አልታደሰም ማለት ነው፤ የፊርማው አገልግሎት የመጣው እ.ኤ.አ. በ2023 ነው። አንድ ክሮምቡክ እስከ መቼ ማሻሻያ እንደሚያገኝ ሴቲንግስ ውስጥ አባውት ክሮም ኦኤስ በሚለው ሥር፣ ተጨማሪ ዝርዝር በሚለው ቦታ ተጽፏል። ከ2021 ወዲህ የወጡት የ10 ዓመት ማሻሻያ አላቸው።

ምላሽ 2። ይስማማል፤ የሚያሳስበው የፊርማው መልክ ነው። በታችፓድ የተሣለ ፊርማ የመጀመሪያ ክፍል ተማሪ የጻፈው ይመስላል፣ ከፓስፖርቱም ጋር አይገጥምም። የሚሻለው በነጭ ወረቀት ላይ በጥቁር እስክሪብቶ ጠንከር አድርጎ መፈረም፣ መስኮት አጠገብ በቀን ብርሃን ያለ ፍላሽ በስልክ ማንሳት፣ ዙሪያውን ቆርጦ ጀርባውን ማጥፋትና በፒኤንጂ ማስቀመጥ ነው። ጄፔግ ከሆነ ነጩ ጀርባ አብሮት ስለሚሄድ የውሉን መስመር ይሸፍናል። ስክሪኑ ስታይለስ የሚቀበል ከሆነ ደግሞ ዩኤስአይ የተባለውን ደረጃ የሚከተል ብዕር መግዛት እንደሚገባ፣ የሌላ ታብሌት ብዕር እንደማይሠራ ያስጠነቅቃል። በነገር ላይ ብዙዎቹ እነዚህ ብዕሮች ባለ አራት ኤ ባትሪ የሚጎርሱ መሆናቸውን ጣል አድርጎ ያልፋል። ይህች አንድ ዐረፍተ ነገር ኋላ ጣጣ ታመጣለች።

ምላሽ 3። 1ኛውን ያርማል። ብዙ ሰው ፋይሉን የሚከፍተው ከኢሜይል ላይ ነው፤ ያኔ የሚመጣው ጋለሪ ሳይሆን የክሮም የራሱ ፒዲኤፍ ማሳያ ነው። እዚያም በብዕሩ ምልክት መፈረም ይቻላል፤ አደጋው ያለው ሲወርድ ነው። ዳውንሎድ ሲጫን ክሮም ከነለውጡ ላስቀምጥ ወይስ የመጀመሪያውን ብሎ ይጠይቃል፤ ሳያነብ የሚጫን ሰው ያልተፈረመውን አውርዶ ይልከዋል። ስለዚህ ከመላክ በፊት ትሩን ዘግቶ ፋይሉን ከዳውንሎድ ፎልደር እንደገና መክፈት የግድ ነው። ከዚህ አያይዞ አንድ ምክር ይሰጣል፦ ሲጨርሱ ፕሪንት ብሎ መድረሻውን ሴቭ አዝ ፒዲኤፍ ማድረግ ሁሉንም ነገር ገጹ ላይ አጣብቆ ያደርቀዋል፣ ፊርማው በቀላሉ አይነቀልም፣ የሞሉትም ሣጥን አይነካም።

ምላሽ 4። ጨዋነቱ እዚህ ያበቃል። እስካሁን የተወራው በሙሉ ስለ ሥዕል ነው ይላል፤ ሥዕል ደግሞ ፊርማ አይደለም። የ3ኛው ምክር ዲጂታል ፊርማ ላለው ሰነድ ሲሆን ፋይሉን መግደል ነው፤ በፕሪንት በኩል ያለፈ ፒዲኤፍ አዲስ ፋይል ነው፣ የድሮው ፊርማ ሥዕሉ ብቻ ይቀራል፣ ውስጡ ባዶ ነው። ለሥራ ስምምነቱ የሚረዳ አንድ ቃል እንኳ የተናገረ የለም ብሎ ሦስቱንም ይወቅሳል። አነጋገሩ የሻከረ ቢሆንም ስለ ፕሪንቱ ያለው ልክ ነው።

ምላሽ 5። ውሃ ቸለስ አድርጎ ያብራራል። ዲጂታል ፊርማ ሲፈረም ፕሮግራሙ ፒዲኤፉ ውስጥ ለፊርማው የሚሆን ባዶ ቦታ ይከልላል። ከዚያች ቦታ በቀር ያለውን የፋይሉን እያንዳንዱን ባይት ወስዶ፣ አብዛኛውን ጊዜ ሻ-256 በተባለው ስሌት አሻራውን ያወጣል፤ አሻራውን የግል ቁልፍ በሚባለው የፈራሚው ብቻ በሆነ ምሥጢራዊ ኮድ ይፈርምና ማንነቱን ከሚመሰክረው ሰርተፍኬት ጋር ባዶው ቦታ ላይ ይከተዋል። ስለዚህ አንዲት ባይት ብትዛነፍ አሻራው አይገጥምም። ኋላ የሚመጣ ለውጥ በፋይሉ ጅራት ላይ ብቻ ሊጨመር ይችላል፤ ሁለተኛ ፈራሚ የመጀመሪያውን ሳያበላሽ የሚፈርመው በዚህ መንገድ ነው። ቅደም ተከተሉንም ያስቀምጣል፦ መጀመሪያ ሣጥኖቹ ሁሉ ይሞላሉ፣ ቀኑ ይጻፋል፣ አስተያየት ካለ ይሰረዛል፣ ፊርማ መጨረሻ ይመጣል። የመጀመሪያው ፈራሚ ሰነዱን ሲያጸድቅ ሦስት ደረጃ ሊመርጥ ይችላል፤ 1 ምንም አይነካ፣ 2 ቅጽ መሙላትና መፈረም ይቻላል፣ 3 በዚያ ላይ አስተያየት መጨመርም ይቻላል። 1 ከተመረጠ ሁለተኛው ሰው ሊፈርም ሲል ፕሮግራሙ እንቢ ይላል፤ ወይም ፊርማውን ቢቀበል እንኳ የመጀመሪያው ይፈርሳል።

ምላሽ 6። ጠያቂው ተመልሶ መጣ። የፒ12ቱን ፋይል ክሮም ውስጥ ሰርተፍኬት ማስተዳደሪያ ከሚለው ገጽ አስገብቶታል፤ ኢምፖርት ኤንድ ባይንድ የሚለውን መርጦ ፓስወርዱን ሰጥቷል፣ ሰርተፍኬቱም በስሙ ተዘርዝሮ ይታያል። የፊርማው ድረ ገጽ ግን አላገኘሁትም ይላል። ክሮምን ሁለት ጊዜ ዘግቶ ከፍቷል።

ምላሽ 7። የክሩ ወገብ ይህ ነው። ክሮም ውስጥ የሚገባ የግል ሰርተፍኬት ከድረ ገጽ ጋር አንድ ሥራ ብቻ አለው ይላል፦ ግንኙነት ሲጀመር ድረ ገጹ ማን ነህ ብሎ ቢጠይቅ መታወቂያ ሆኖ መቅረብ። በሩ ከተከፈተ በኋላ ገጹ ያንን ቁልፍ ጠርቶ ይህን ሰነድ ፈርምልኝ ሊለው አይችልም። ለድረ ገጾች የተሰጠው፣ ዌብ ክሪፕቶ የተባለው የፊርማና የምሥጢር ስሌት መሣሪያ የሚያውቀው ገጹ ራሱ የፈጠራቸውን ወይም ተጠቃሚው በእጁ የሰጠውን ቁልፍ ነው፤ የማሽኑን ቁልፍ ሣጥን አይከፍትም። ይህ ስንፍና ወይም ብልሽት አይደለም፤ ማንኛውም የጎበኙት ገጽ በስምዎ እየፈረመ እንዳይውል ነው።

ከዚያ ታሪኩን ያመጣል። ድሮ ይህን ክፍተት የሚሸፍነው ብሮውዘር ውስጥ የሚሮጥ ትንሽ ፕሮግራም፣ የጃቫ አፕሌት የሚባለው ነበር፤ ክሮም ግን እ.ኤ.አ. በመስከረም 2015 በ45ኛው ስሪቱ አፕሌቶች የሚገቡበትን ኤንፒኤፒአይ የተባለ መንገድ ጨርሶ ዘጋ። ከዚያ ወዲህ የተለመደው ኮምፒውተሩ ላይ አነስተኛ ፕሮግራም ጭኖ ብሮውዘሩን ከእሱ ጋር ማነጋገር ነው፤ የኢስቶኒያው ዌብ ኢአይዲም የስፔኑ አውቶፊርማም የተሠሩት እንዲያ ነው። ዊንዶውስ፣ ማክና ሊኑክስ ላይ ይሠራል። ክሮም ኦኤስ ላይ ግን ብሮውዘሩ የሚያነጋግረው እንዲህ ያለ ፕሮግራም የሚጫንበት ቦታ የለም፤ ክሮምቡክ ውስጥ ሊበራ የሚችለው ሊኑክስ የተባለው ሌላ ኦፐሬቲንግ ሲስተም ያለው ታጥሮ በተለየ ክፍል ነው፣ ክሮም ከግድግዳው ማዶ ያለውን አያይም። ስማርት ካርድም ቢሆን ጎግል ያዘጋጀው ማገናኛ ኤክስቴንሽን አለ፤ ካርዱን የሠራው ድርጅት የራሱን ክፍል ካልጨመረበት ግን ካርድ አንባቢው መብራት ከማብራት አያልፍም።

የቀሩት መንገዶች ሦስት ናቸው ይላል፦ የፒ12ቱን ፋይል ገጹ ውስጥ ተቀብሎ እዚያው የሚፈርም ድረ ገጽ፣ ሊኑክስን ማብራት፣ ወይም ቁልፉ ፈራሚው ዘንድ ሳይሆን በአገልግሎት ሰጪው የተጠበቀ ማሽን ውስጥ ሆኖ ፈራሚው በስልኩ ፈቃድ የሚሰጥበት የርቀት ፊርማ።

ምላሽ 8። ከሁሉ አስቀድሞ ሊጠየቅ የሚገባው ተዘለለ ይላል፣ ድምፁም ኮስተር ያለ ነው። ቁልፉን ማን ፈጠረው? ፒ12 ማለት ሰርተፍኬቱና የግል ቁልፉ አንድ ላይ የታሸጉበት ከረጢት ነው። ስምምነቱን የላከው ወገን ከረጢቱን ከነፓስወርዱ በአንድ ኢሜይል ከላከ፣ ቁልፉ እሱም ዘንድ አለ፤ ነገ በጠያቂው ስም ሌላ ሰነድ ቢፈርም የትኛው የማን እንደሆነ መለያ አይኖርም። ትክክለኛው አካሄድ ቁልፉ ፈራሚው ማሽን ላይ ተፈጥሮ ለሰርተፍኬት ሰጪው ጥያቄው ብቻ የሚሄድበት ነው፣ ወይም የርቀት ፊርማ። ጠያቂው ፋይሉን ከክሮምም ከዳውንሎድም አጥፍቶ ለላኪው ይህን እንዲጽፍለት ይመክራል። ሦስት ሰዎች ተደራርበው ተስማምተውበታል፤ እኔም ከዚህ ክር አንድ ምላሽ ብቻ ይቀመጥ ብባል ይህን አስቀራለሁ።

ምላሽ 9። የራሱ ሰርተፍኬት ላለው ሰው የሊኑክሱን መንገድ ይዘረዝራል። ሴቲንግስ፣ አባውት ክሮም ኦኤስ፣ ዴቨሎፐርስ፣ ከዚያ የሊኑክስ አካባቢን ማብራት፤ ሲጠይቅ 10 ጂቢ ቦታ መስጠት። የሚመጣው ደቢያን የተባለው የሊኑክስ ዓይነት ነው። ፒዲኤፉን ፋይልስ ውስጥ ሊኑክስ ፋይልስ ወደሚለው ፎልደር መጎተት ያስፈልጋል፤ ሌላ ቦታ ያለ ፋይል ለሊኑክሱ ካላጋሩት አይታየውም።

መስኮትና አዝራር ለሚፈልግ ሊብሬኦፊስ ከተባለው ነጻ የቢሮ ፕሮግራም ውስጥ ድሮው የሚባለው የሥዕል ክፍል አለ፤ በፋይል ሜኑ ዲጂታል ሲግኒቸርስ ከሚለው ሥር አስቀድሞ የተዘጋጀ ፒዲኤፍን መፈረም ይቻላል። ሰው የሚጠፋው እዚህ ጋ ነው፤ ሊብሬኦፊስ ሰርተፍኬት የሚፈልገው በፋየርፎክስ መዝገብ ውስጥ ስለሆነ፣ እዚያው ሊኑክስ ውስጥ ፋየርፎክስን ጭኖ፣ አንዴ ከፍቶ፣ ፒ12ቱን እሱ ላይ ማስገባት ይቀድማል። ይህ ካልተደረገ የሰርተፍኬቱ ዝርዝር ባዶ ሆኖ ይመጣል፣ ሰውም ፋይሉ የተበላሸ ይመስለዋል።

ትእዛዝ በጽሑፍ የሚሰጥበትን ተርሚናል ለማይፈራ ደግሞ ፓይሃንኮ የተባለ፣ በፓይተን ቋንቋ የተጻፈ ፒዲኤፍ መፈረሚያ አለ። ከደቢያን 12 ወዲህ የፓይተን ጥቅልን እንደ ድሮው በቀጥታ ልጫን ሲሉት ስለሚከለክል ፓይፕኤክስ በተባለው ጫኚ መጫን ነው። የፊርማው ቦታ በነጥብ ይነገረዋል፤ 72 ነጥብ አንድ ኢንች ነው፣ ኤ4 ወረቀት 595 በ842፣ የአሜሪካው ሌተር 612 በ792። ቆጠራው የሚጀምረው ከገጹ ግራ ታችኛ ማዕዘን ነው። ከላይ የሚቆጥር ሰው ፊርማውን ገጹ አናት ላይ፣ አርማው ላይ ጉብ ብሎ ያገኘዋል። ሲያልቅ ፒዲኤፍሲግ በተባለው ትንሽ መሣሪያ ማረጋገጥ ነው፤ ፊርማው ትክክል መሆኑንና ሰነዱ በሙሉ መሸፈኑን በሁለት የተለያየ መስመር ይናገራል፣ ሁለቱም መነበብ አለባቸው።

ምላሽ 10። ይህ ሁሉ 4 ጂቢ ራም ላለው ማሽን ጭነት ነው ይላል። ሊኑክሱ፣ ሊብሬኦፊሱና አሥር የክሮም ትር አንድ ላይ ከተከፈቱ ማሽኑ ይንገዳገዳል፤ የሥራ ወይም የትምህርት ቤት ክሮምቡክ ከሆነ ደግሞ አስተዳዳሪው ሊኑክስን ዘግቶት ሊሆን ይችላል፣ ያኔ አዝራሩም አይታይም። ሐሳቡ አውሮፓ ያለው ድርጅት የርቀት ፊርማ ሊንክ ይላክ የሚል ነው። የአውሮፓ ኅብረት ደንብ 910/2014፣ ኢአይዳስ የሚባለው፣ ፊርማን በሦስት ደረጃ ይከፍላል፦ ተራ፣ ከፍ ያለ፣ እና ብቁ። በእጅ ከተፈረመ ጋር እኩል ነው ተብሎ በደንቡ የተጻፈለት ብቁ የሚባለው ብቻ ነው፤ ይህ ማለት ግን ሌሎቹ በፍርድ ቤት ይጣላሉ ማለት አይደለም፣ ኤሌክትሮኒክ በመሆናቸው ብቻ ውድቅ አይደረጉም። ስለዚህ ድርጅቱ የትኛውን ደረጃ እንደፈለገ ሳይታወቅ መሣሪያ መምረጥ ዋጋ የለውም። ብቁ ከሆነ ማንነት ማረጋገጥ፣ ፓስፖርት ማሳየት፣ አንዳንዴ በቪዲዮ መቅረብ ይጠብቀዋል፤ ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ ግን እውነትም ብሮውዘር ውስጥ ያልቃል።

ምላሽ 11። 4ኛውን በሕግ ይይዘዋል። ሥዕል ፊርማ አይደለም የሚለው ለኪራይ ውሉ ስሕተት ነው፤ በአሜሪካ እ.ኤ.አ. ሰኔ 30 ቀን 2000 የጸደቀው የኢሳይን ሕግ ለመፈረም ታስቦ የተደረገን ድምፅ፣ ምልክት ወይም ሂደት ሁሉ ኤሌክትሮኒክ ፊርማ ይለዋል። በጋለሪ የተለጠፈች ፊርማም፣ በጽሑፍ የተቀመጠ ስምም ይበቃል። የማይበቃባቸውንም ይዘረዝራል፤ ኑዛዜ፣ ጉዲፈቻና ፍቺ፣ የፍርድ ቤት ትእዛዝ፣ ከመኖሪያ ቤት የማስለቀቅ ማስጠንቀቂያ። 4ኛው ተመልሶ የተናገረው ስለ ቴክኒኩ እንጂ ስለ ሕጉ እንዳልነበር ጽፏል፤ ሆኖም ቃሉን አላነሳም።

ምላሽ 12። ወደ አገር ቤት ይወስደዋል። ኢትዮጵያም የኤሌክትሮኒክ ፊርማ አዋጅ ቁጥር 1072/2010፣ ኋላም የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012 እንዳላት፣ የበላይ የሰርተፍኬት ባለሥልጣንነቱም ለኢንሳ እንደተሰጠ ይገልጻል። ከዚያ እንግዲህ ለወንድሜ ውክልና በክሮምቡክ ፈርሜ ብልክ ምን ይከለክለኛል ብሎ ጠየቀ።

ምላሽ 13። መልሱ አጭርና ስለታም ነው። አዋጁ ፊርማን ያውቃል ማለት ውክልና በኢሜይል ይሄዳል ማለት አይደለም። ውክልና የሚጸድቀው ፈራሚው ማንነቱን አስመስክሮ በሹም ፊት ሲፈርም ነው፤ ውጭ አገር ያለ ሰው በኤምባሲ ወይም በቆንስላ፣ ከዚያ ሰነዱ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር በኩል አልፎ ወደ ሰነዶች ማረጋገጫና ምዝገባ ይሄዳል። ተለጣፊ ፊርማ ይዞ የሄደ ወንድም ወረፋ ጠብቆ ባዶ እጁን ይመለሳል። ክሮምቡኩ የሚጠቅመው ረቂቁን ለመጻፍ ብቻ ነው።

ምላሽ 14። ሁሉም የረሱትን የኢሚግሬሽን ቅጽ ያነሣል፤ እናንተ ስትጨቃጨቁ ሰውየው ቅጹን በጋለሪ ፈርሞ ይልከዋል ብሎ ይቆጣል። በፖስታ ለአሜሪካ የኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤት፣ ለዩኤስሲአይኤስ፣ የሚላክ ቅጽ በእጅ፣ በቀለም መፈረም አለበት። እ.ኤ.አ. ከመጋቢት 2020 ጀምሮ በጊዜያዊነት፣ ከሐምሌ 2022 ወዲህ ደግሞ በቋሚነት መሥሪያ ቤቱ የተፈረመውን ወረቀት ስካን ወይም ፎቶኮፒ ይቀበላል፤ መነሻው ግን በእጅ የተፈረመ ወረቀት መሆን አለበት፣ ዋናውም ቢጠየቅ እንዲቀርብ መቀመጥ አለበት። በኮምፒውተር የተጻፈ ስም ወይም በማኅተም የተመታ ፊርማ አይሆንም። ያልተፈረመ ቅጽ ደግሞ ሳይታይ ይመለሳል፤ ወራት የሚበላው ይህ ነው። ስለዚህ ሞልቶ ማተም፣ በጥቁር እስክሪብቶ መፈረም፣ በ300 ዲፒአይ ስካን ማድረግ። በመሥሪያ ቤቱ የራሱ ድረ ገጽ ላይ አካውንት ተከፍቶ የሚሞላ ቅጽ ከሆነ ግን ነገሩ ይገለበጣል፤ እዚያ ስምን መጻፍ ራሱ ፊርማ ነው፣ ክሮምቡኩም ይበቃል።

ቀንንም አይረሳም። ወር ይቀድማል፣ ቀን ይከተላል። 05/03 አሜሪካ ውስጥ ግንቦት ሦስተኛው ቀን ነው፣ እንደ አገር ቤት አጻጻፍ ግን መጋቢት አምስት ይሆናል፤ አቆጣጠሩም የፈረንጅ መሆን አለበት። እጅ ከለመደው ዓመተ ምሕረት ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ወደኋላ የተጻፈ ቀን ፊርማውን ከሰነዱ በፊት የተፈረመ ያስመስለዋል።

እግረ መንገዱን ስለ ካናዳ ቅጾች ያክላል። ሲከፈቱ እባክዎ ይጠብቁ የሚል እንግሊዝኛ ገጽ ብቻ የሚያሳዩ ቅጾች ኤክስኤፍኤ በተባለ አሮጌ አሠራር የተሠሩ ናቸው፤ ቢጠብቁ አይመጡም። እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣው ፒዲኤፍ 2.0 ያንን አሠራር ጥሎታል፣ ቅጾቹ ግን አሉ። ፋየርፎክስ ከ93ኛ ስሪቱ ወዲህ ያሳያቸዋል፤ ነገር ግን ቫሊዴት ተብሎ ባርኮድ የሚወጣበትን አዝራር በትክክል የሚያሠራው አክሮባት የተባለው የአዶቢ ፒዲኤፍ ፕሮግራም በዊንዶውስ ወይም በማክ ላይ ሲሆን ነው። እዚህ ላይ የጠያቂው አቋም ወደቀ፤ ቤተ መጻሕፍት ያለን ዊንዶውስ ኮምፒውተር ለግማሽ ሰዓት መጠቀም ግን ላፕቶፕ ከመግዛት ይረክሳል።

ምላሽ 15። አዲስ ሰው መጥቶ ስሙን በአማርኛ ሲሞላ ሣጥን ሣጥን እንደሚሆንበት፣ ወይም በራሱ ስክሪን ላይ እየታየ ተቀባዩ ዘንድ ባዶ እንደሚሆን ይጠይቃል።

ምላሽ 16። 9ኛው ነው የመለሰለት። ክሮምቡኩ የግዕዝ ፊደል ያውቃል፣ የአማርኛ ኪቦርዱም ከግብዓት ዘዴዎች ዝርዝር ይጨመራል፤ ችግሩ ያለው ቅጹ ውስጥ ነው። የቅጹ ሣጥን በየትኛው ፎንት እንደሚጻፍ ሠሪው ወስኖታል፣ ብዙ ጊዜም ሄልቬቲካ ነው፣ እሱ ደግሞ ግዕዝ የለውም። ክሮም ከማሽኑ ፎንት ተበድሮ ሊያሳይ ይችላል፤ ፎንቱን ፋይሉ ውስጥ ካልከተተው ግን ተቀባዩ የሚያየው ባዶ ነው። ቅጹ የራስ ከሆነ ሰነዱን ጎግል ዶክስ ላይ በኖቶ ኢትዮፒክ ወይም በአቢሲኒካ ጽፎ እንደ ፒዲኤፍ ማውረድ፣ ከዚያ መፈረም፤ ያኔ ፎንቱ አብሮ ይሄዳል። የሰው ቅጽ ከሆነ አትሞ በእጅ መጻፍ ይቀላል። ሰርተፍኬት ለሚያወጣ ሰው ደግሞ የስም አጻጻፍ በፓስፖርቱ እንዳለው፣ የአባትና የአያት ስም በዚያው ቅደም ተከተል ይሁን ይላል። ተስፋዬን በአንድ ሰነድ ላይ በአንድ ዋይ፣ በሌላው ላይ ያለ ዋይ መጻፍ ለማሽን ሁለት ሰው ነው።

ምላሽ 17። ነጻ ፈርሙ የሚሉትን ድረ ገጾች ያነሣል። ኪራይ ውል ማለት ስም፣ አድራሻ፣ የባንክ ቁጥር፣ አንዳንዴም የመታወቂያ ኮፒ ነው፤ የማያውቁት ሰርቨር ላይ መጫን አይገባም። ገጹ ሥራውን የሚሠራው ማሽኑ ላይ ይሁን ወይስ ፋይሉን ወደ ራሱ ይወስድ ለማወቅ አንድ ቀላል መፈተኛ አለ፦ ገጹ ከተከፈተ በኋላ ዋይፋይ ማጥፋትና ምንም ምሥጢር በሌለው ባዶ ፒዲኤፍ መሞከር። ከሠራ ሥራው ያለው ማሽኑ ላይ ነው፤ ዋይፋዩ ሲመለስ እንዳይልክ ደግሞ ትሩን ዘግቶ ማብራት። ካልሠራ ፋይሉ ይሄዳል ማለት ነው። የፒ12 ፋይል ግን በዚህም ቢሆን ለማንም ገጽ አይሰጥ ይላል፤ በ7ኛው ከተዘረዘሩት ሦስት መንገዶች የመጀመሪያውን እንዲሰርዙት ይጠይቃል። 7ኛው ተቀብሎ ምላሹን አርሟል። በክሩ ውስጥ ቃሉን ያረመው እሱ ብቻ ነው።

ስለ ቢጫ ሦስት ማዕዘንም የጻፈው እሱ ነው። ተቀባዩ ሰነዱን በአክሮባት ከፍቶ ቢጫ ምልክት ቢያይ ፊርማው ፈርሷል ማለት አይደለም፤ ብዙ ጊዜ ሰርተፍኬቱን የሰጠው አካል አዶቢ በሚያምናቸው ዝርዝር ውስጥ የለም ማለት ነው፤ ራስ ለራስ ያወጡት ሰርተፍኬትም ተቀባዩ ራሱ ካላመነው በቀር እንዲህ ያደርጋል። የፈረሰ ፊርማ ቀይ ያሳያል። ክሮም ግን አረንጓዴም ቢጫም ቀይም አያሳይም፤ ዲጂታል ፊርማውን እንደ ሥዕል አሳይቶ ያልፋል፣ ስለዚህ በክሮም ከፍቶ አየሁት ማለት አረጋገጥኩ ማለት አይደለም። የሚያረጋግጡትም ቢሆኑ እንደማይሳሳቱ አይታሰብ፤ እ.ኤ.አ. በ2019 የጀርመን የቦኹም ሩር ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከፈተሿቸው 22 የዴስክቶፕ ፕሮግራሞች 21ዱን አታልለው የተቀየረን ሰነድ በትክክል የተፈረመ አስብለዋል። ቀዳዳዎቹ ከዚያ ወዲህ ተደፍነዋል፤ የሚያዋጣው ማረጋገጫውን ፕሮግራም ማደስ ነው። ሰርተፍኬቱ ጊዜው ካለፈ በኋላ ፊርማው እንዲቆም ደግሞ ሲፈረም የሦስተኛ ወገን የጊዜ ማኅተም ይታከልበት፤ የማሽኑ ሰዓት የፈራሚው ቃል ብቻ ነው።

ምላሽ 18። ስለ ባትሪው ነው። 2ኛው ጣል ያደረጋትን ይዞ፣ ባለ አራት ኤ ባትሪ ሱቅ ስለማይገኝ ባለ 9 ቮልት አልካላይን ባትሪ ፈልቅቆ ከውስጡ ስድስት ትንንሽ ማውጣት ይቻላል አለ። 4ኛው ወዲያው ደረሰበት፦ ሁሉም ባለ 9 ቮልት ውስጡ እንደዚያ አይደለም፣ አንዳንዱ በጠፍጣፋ የተደራረበ ነው፤ ሲፈለቀቅም እርስ በርሱ ተነካክቶ ይግላል፣ ርዝመቱም በጥቂቱ ስለሚያንስ ብዕሩ ውስጥ ይላላል። ሁለቱ ሲመላለሱ አወያዩ የባትሪውን ጉዳይ ለብቻው ክር ከፍቶ አዛወረው። ጠያቂው መጨረሻ ላይ ሁለት መስመር ጽፏል፤ የኪራይ ውሉ በጋለሪ ተፈርሞ ሄዷል፣ ቅጹ ለኅትመት ወጥቷል፣ አውሮፓ ያሉት ግን የትኛውን የፊርማ ደረጃ እንደሚፈልጉ ሲጠየቁ እስካሁን አልመለሱም።